በጥር ሰማይ ላይ የታየው ባለ ጥቁር መንቁር ጭልፊት

የመክፈቻ ጽሑፍ

ይህን ክር፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደውን የጥያቄና የምላሽ ሰንሰለት፣ የከፈተው ከኮልፌ አካባቢ የሚጽፍ ወጣት አባል ነው። በጥር ወር አጋማሽ ከአንድ ሥጋ ቤት ጣሪያ በላይ ሲያንዣብብ ያነሳውን የጭልፊት ፎቶግራፍ ለጥፎ አንድ ነገር ጠየቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ጭልፊት መንቁሩ ቢጫ ነው፤ የፎቶግራፉ ግን ጥቁር ነው። ታሞ ይሆን? አርጅቶ ይሆን? ወይስ ጭራሹን ሌላ ወፍ ነው? ከጥያቄው ጋር የራሱን ግምትም አክሏል። እኛ ሁሉንም ጭልፊት ብለን እንጠራዋለን እንጂ በከተማችን ሰማይ ላይ የሚዞሩት ሁለት ዓይነት ሳይሆኑ አይቀሩም ይላል።

ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጉጉት ተከታትያለሁ። በአዲስ አበባ ማንም ሰው አንገቱን ቀና ቢያደርግ ከሚያያቸው ወፎች አንዱ ጭልፊት ነው። መልኩን እንዲገልጽ ቢጠየቅ ግን አብዛኛው ሰው ሥጋ ነጣቂ ነው ከማለት አያልፍም። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምላሾቹም ከጠበቅኩት በላይ ብዙ ነገር አወጡ። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ በየቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ፤ የማልስማማበትንም አልደብቅም።

ምላሾቹ

ምላሽ 1 ከጉለሌ የመጣ ነው፤ ትሑትና ጠቃሚ። ጸሐፊው ወጣቱን ስለ ፎቶግራፉ አመስግኖ፣ ስለ መንቁሩ ከመነጋገራችን በፊት ወፉ በእርግጥ ጭልፊት መሆኑን እናረጋግጥ አለ። ማረጋገጫውም ጭራው ነው። የጭልፊት ጭራ ረዘም ያለና ጫፉ መሃል ላይ ገባ ብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው። በእኛ ደጋ በብዛት ከሚታዩት ትልልቅ አዳኝ አሞራዎች መካከል እንዲህ ያለ ጭራ ያለው ሌላ የለም። አበራረሩም ይለየዋል። ክንፉን ብዙ ሳያርገበግብ ይንሳፈፋል፤ ጭራውን ግን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያጠማዘዘ አቅጣጫውን ያስተካክላል። በዚህ ምላሽ ላይ የምጨምረው የለኝም። ከመሬት ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው መንቁር ሩቅ ነው፤ ጭራ ግን ከሦስትና ከአራት ፎቅ በላይም ይታያል።

ምላሽ 2 አሞራ አሞራ ነው፣ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን አስፈለገ የሚል ባለ አንድ መስመር ነበር። ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 3ን የጻፈችው የሐረር ተወላጅ ናት። በጀጎል ውስጥ ባለው የሥጋ ገበያ ጭልፊቶች በየጣሪያው ጠርዝ ተደርድረው ሲጠብቁ ማደጓን ነገረችን። ሥጋ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ዕቃውን ካልሸፈነ ይነጠቃል። እንግዶችም ቁራጭ ሥጋ በእጃቸው ከፍ አድርገው ይይዙና ወፉ ከላይ ተወርውሮ ሲወስደው ይደነቃሉ። ክንፉ ጆሮ ግንዷን ነክቶ ያለፈበትን ጊዜ ስትተርክ ንፋሱ ለእኔም የደረሰ መሰለኝ። በመጨረሻ ግን ወፉ ሥጋውን በመንቁሩ መንጭቆ ይሄዳል አለች።

ምላሽ 4 ይህንኑ አረመ፤ ጨዋነቱን ግን አልረሳም። ጭልፊት የሚነጥቀው በእግሩ ነው። ሲወርድ ክንፉን ከግማሽ በላይ ያጥፋል፤ ሊደርስ ሲል ጭራውን ዘርግቶ ፍጥነቱን ይቀንስና እግሮቹን ወደ ፊት ይወረውራል፤ ጥፍሩ ሥጋው ላይ ሲያርፍ ወፉ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ሰው በመንቁሩ ወሰደ ብሎ የሚያስበው ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ጭልፊት ትንሽ ቁራጭ ከያዘ ለመብላት ማረፍ አያስፈልገውም፤ እየበረረ እግሩን ወደ ራሱ ያመጣል፣ አንገቱን ጎንበስ ያደርጋል፣ እየቆረሰ ይውጣል። እኔም ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በመነጽር ከተከታተላችሁት ራሱ ወደ ሆዱ ሲታጠፍና እንደገና ሲቃና በግልጽ ይታያል።

የሐረሯ እህት በምላሽ 5 ተመልሳ እርማቱን ተቀበለች፤ ቤተሰብ ለመጠየቅ ስትሄድ በዓይኗ እንደምታረጋግጥም ጻፈች።

የክሩ ዋና ጉዳይ የሚጀምረው ከምላሽ 6 ነው። ጸሐፊው በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ ወፍ በማየት ብዙ ጊዜ ያሳለፉ አባት ናቸው፤ ሲጽፉም ቸኩለው አይደለም። ወጣቱ የገመተው ልክ ነው አሉ። እዚሁ የሚኖረውና እዚሁ የሚፈለፍለው ጭልፊት ሙሉ ሰው ሲሆን (እኔ ሙሉ ወፍ ልበለው) መንቁሩ ከሥር እስከ ጫፍ ቢጫ ነው። የአውሮፓንና የእስያን የቅዝቃዜ ወቅት ሸሽቶ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ መንቁሩ ጥቁር ሆኖ ቢጫ የሚሆነው ከፊቱ ጋር የሚገናኝበት ሥሩ ብቻ ነው። እንግዶቹ ከጥቅምት አካባቢ ጀምሮ ይታያሉ፤ መጋቢት ላይ ይመለሳሉ። በጥር ሁለቱም በአንድ ሰማይ፣ በአንድ ቄራ፣ በአንድ ቆሻሻ መጣያ ላይ አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ የኮልፌው ወፍ እንግዳ ነው ብለው ደመደሙ።

ምላሽ 7 በዚህ ድምዳሜ ላይ ተነሳ፤ አነጋገሩም ሻካራ ነበር። ጸሐፊው ከምላሽ 6 በላይ እንደሚያውቅ ለማሳየት የፈለገ ይመስላል። ያነሳው ነጥብ ግን ትክክል ነው፤ እንዲያውም ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ይዤ ልሂድ ለሚል ሰው ይህን እንዲይዝ እመክራለሁ። የእኛው ነዋሪ ጭልፊት ጫጩትም መንቁሩ ጥቁር ነው! ቢጫ የሚሆነው እያደገ ሲሄድ ነው። እንግዲህ ጥቁር መንቁር ብቻውን እንግድነትን አያስረዳም፤ ኮልፌ ላይ የታየው ከአንዱ ባሕር ዛፍ በቅርቡ የወጣ ወጣት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማለት ግን አዛውንቱን ሳያጣሩ የሚናገሩ ብሎ መዝለፍ አያስፈልግም ነበር።

የቢሾፍቱው አባት በምላሽ 8 ስድቡን እንዳላዩ አልፈው ወደ ነገሩ ገቡ። ወጣቱን ነዋሪ ከአዋቂው እንግዳ ለመለየት ሦስት ቦታ እንዲታይ ጻፉ። መጀመሪያ ደረቱ ነው። የወጣቱ ወፍ ደረት ነጣ ባሉ ሰፋፊ መስመሮች ዥንጉርጉር ነው፤ የአዋቂው እንግዳ ደረት ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ መስመሮቹ ቀጭንና ጥቁር ናቸው። ሁለተኛው የክንፉ የላይኛው ገጽ ነው። ወጣት ወፍ በላባዎቹ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ጠርዝ ስላለው ክንፉ ነጠብጣብ የተረጨበት ይመስላል። ሦስተኛው ራሱ ነው። ከአውሮፓ የሚመጣው አዋቂ ራሱ ከሌላው ገላው ይልቅ ወደ ግራጫ ይነጣል፤ ዓይኑም ፈካ ያለ ነው። የነዋሪው ዓይን ቡናማ ነው፤ ራሱም ከገላው ቀለም ብዙ አይለይም። ዘለፋ ለደረሰበት ሰው ከዚህ የተሻለ ምላሽ አላውቅም።

ምላሽ 9 በስልክ መተግበሪያ ነገሩ ያልቃል የሚል ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ቤተ ሙከራ ያዘጋጀውን መርሊን የተባለ መተግበሪያ ተጠቅሞ የኮልፌውን ፎቶግራፍ እንዳስገባና ጥቁር ጭልፊት (ይህ የእንግዳው መጠሪያ ነው) የሚል መልስ እንዳገኘ ጸሐፊው ገለጸ። መርሊንን እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ለጀማሪ ትልቅ እገዛ ነው። ነገር ግን በደበዘዘ ፎቶግራፍ ላይ ተመርኩዞ ወጣቱን ነዋሪ ከእንግዳው ለይቶልናል ብዬ አላምንም። መተግበሪያው ስም ሲሰጠን ስሙን የሚደግፍ ምልክት ከወፉ ገላ ላይ ራሳችን ፈልገን ማግኘት አለብን።

ከዚያ የኮልፌው ወጣት በምላሽ 10 ብቅ አለ። በማግሥቱ ወደዚያው ቦታ ሄዶ ወፉ በስልክ እንጨት ላይ እንዳረፈ የተሻለ ፎቶግራፍ አንስቶ ነበር፤ ለዚህ ትጋቱ ምስጋና ይገባዋል። በአዲሱ ፎቶግራፍ ላይ ራሱ ግራጫማ፣ ዓይኑ ፈካ ያለ፣ ደረቱ ጠቆር ብሎ በቀጭን መስመር የተሰመረ ወፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በክንፉ ላይም ነጭ ጠርዝ የለም። እንግዳ ነው፤ አዋቂ እንግዳ። የምላሽ 6 ድምዳሜ ጸና። የምላሽ 7 ማስጠንቀቂያም ከንቱ አልቀረም፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ወጣቱ ሁለተኛውን ፎቶግራፍ ለማንሳት አይሄድም ነበር።

ምላሽ 11 የእኔ ነው። በምላሽ 1 ላይ የተነገረው የጭራ ምልክት አንዳንድ ጊዜ እንደሚጠፋ ለማስታወስ ጻፍኩ። ጭልፊት ጠባብ ክብ እየሠራ ሲዞር ጭራውን ሙሉ በሙሉ ይዘረጋዋል፤ ያን ጊዜ መሃል ላይ የነበረው መግቢያ ይሞላና ጫፉ ቀጥ ያለ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ጭራውን የሚቀይርበት ወቅት ላይም የውጭዎቹ ላባዎች ከወደቁ ክፍሉ አይታይም። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው የጭራው ማዕዘን ነው፤ ቢዘረጋም ጥጉ ሹል እንጂ ክብ አይሆንም። ሁለተኛው የክንፉ አያያዝ ነው። ኦገር በዛርድ የሚባለው፣ በደጋው በየስልክ እንጨቱ ላይ የምናየው ሆደ ነጭና አጭር ቀይ ጭራ ያለው አሞራ፣ ሲንሳፈፍ ክንፎቹን ወደ ላይ አንስቶ ነው። ጭልፊት ግን ክንፉን ዘርግቶ ይይዛል፤ አንጓው ላይም ጎበጥ ይላል። ከዚህ በተረፈ የምትጽፉት ነገር ቢኖር ቀኑንና ወሩን አትርሱ አልኩ። በሐምሌ በአዲስ አበባ ጥቁር መንቁር ያለው ጭልፊት ያየ ሰው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ወጣት ነዋሪን ነው፤ በታኅሣሥ ያየ ግን ሁለቱንም።

ምላሽ 12 ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውን አነሳ። ወፎችን የሚመዘግቡ ዓለም አቀፍ ዝርዝሮች በዚህ አይስማሙም፤ አንዳንዱ ባለ ቢጫ መንቁሩን ራሱን የቻለ ዝርያ ያደርገዋል፣ ሌላው የጥቁሩ ጭልፊት ንዑስ ዝርያ ይለዋል። ጸሐፊው ይህን በጥሩ ሁኔታ አስረድቷል። ቆሞ ወፉን ለሚያይ ሰው ግን ልዩነቱ ያው ዓይን የሚያየው ነው፤ ስለዚህ ክርክሩን እዚህ አላራዝምም።

የሚቀጥሉት ሁለት ምላሾች ከውጭ አገር የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ደስ ይላሉ። ምላሽ 13ን የጻፈችው በእስራኤል በቤር ሼቫ አቅራቢያ የምትኖር እህት ናት። በዚያ አገር የቅዝቃዜ ወቅት በሰሜናዊ ነገቭ፣ በተለይ በቆሻሻ መጣያዎች ዙሪያ፣ ጥቁር ጭልፊቶች በብዙ ሺህ ተሰብስበው እንደሚያድሩ ነገረችን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከየአቅጣጫው እየመጡ ሲዞሩ ሰማዩ እንደሚጠቁርና እናቷ በጎንደር ገጠር የምታውቀው ወፍ እዚህም አለ ብላ መደሰቷን ጻፈች። ለወጣቱ ጥያቄም ጠቃሚ ነው፤ ከሰሜን የሚነሱት ሁሉ አፍሪካ እንደማይደርሱ፣ ምግብ ካገኙ መንገድ ላይ እንደሚቀሩ ያሳያልና።

ምላሽ 14 ከለንደን ነው። ጸሐፊው በባቡር ወደ ሬዲንግ ሲሄድ ከቤቶች በላይ የሚያንዣብበውን ወፍ አይቶ አዲስ አበባ የገባ እንደመሰለው ገለጸ። ያየው ግን ቀይ ጭልፊት ነው፤ የእኛው የቅርብ ዘመድ። ጭራው ይበልጥ ቀላና ይበልጥ የተከፈለ ነው፤ ክንፉም ከሥር ሰፊ ነጭ መስኮት አለው። ከዚያ ያመጣው ታሪክ ግን ከመልኩ ይበልጣል። ይህ ወፍ በእንግሊዝ በመመረዝና በመገደል ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፤ በብሪታንያ የተረፉት በዌልስ የነበሩ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከስዊድንና ከስፔን ጫጩቶች እያመጡ ለቀቁ፤ ዛሬ በቺልተርን ኮረብታዎች አካባቢ በየጓሮው ይታያል። ልብ በሉ፤ አንድ ጊዜ የተራ ተራ የነበረ ወፍ ጠፍቶ ከሌላ አገር በአውሮፕላን መምጣት አስፈልጎታል።

ምላሽ 15 አጭር ጥያቄና ረጅም መልስ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ጸሐፊው እነዚህ እንግዶች ባሕሩን በየት ይሻገራሉ ብሎ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ትልልቅ አዳኝ አሞራዎች በመንሳፈፍ የሚጓዙት በፀሐይ ከሞቀ መሬት ወደ ላይ የሚወጣውን አየር ተደግፈው ነው፤ ውኃ ላይ ያ አየር ስለሌለ ባሕሩ የሚጠብብበትን ቦታ ይፈልጋሉ። በምዕራብ ጅብራልታር፣ መካከል ላይ የሱዌዝና የሲና አካባቢ፣ ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ ባብ ኤል ማንደብ ነው። በጅቡቲ በኩል እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር በተደረገ ቆጠራ ከየመን ሲሻገሩ የታዩት አዳኝ አሞራዎች ከ240 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከነሱም የሚበዙት በዛርዶችና የስቴፕ ንስሮች ናቸው። ጭልፊቶቻችን በየትኛው በር እንደገቡ ከመንቁራቸው አይነበብም፤ ይህን ሳይጨምር ቢያልፍ ኖሮ ምላሹ ጎዶሎ ይሆን ነበር፤ እሱም ጨምሮታል።

ክሩ እዚህ ድረስ መልካም ነበር። በምላሽ 16 ከሰበታ አካባቢ ዶሮ የሚያረባ ሰው ገባና ለወፍ የምታዝኑ ሰዎች የጫጩት ዋጋ አታውቁም ብሎ ጀመረ። ጭልፊት በተከታታይ ጫጩቶቹን ነጥቆበታል፤ መፍትሔው መርዝ የተቀባ ሥጋ ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ጎረቤቶቹም ያደርጉታል አለ። ምላሽ 17 እንደ ክብሪት ተለኮሰ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መኖሩን አስታውሶ ሰውየውን ወንጀለኛ አለው። ምላሽ 18 ደግሞ ከምላሽ 17 ጋር ተጣላ፤ በከተማ ፎቅ ተቀምጦ ስለ ወፍ የሚሰብክ ሰው ለአርሶ አደሩ ምን ያውቃል ብሎ፣ ከዚያም አልፎ ሊነበብ የማይገባ ነገር ጻፈ፤ የመድረኩ አስተባባሪ ግማሹን አጥፍቶታል።

እኔ ስለ መርዙ የምለው ግልጽ ነው። የሰበታው ሰው ኪሳራ እውነተኛ ነው፤ ጭልፊት ጫጩት ይወስዳል፣ ይህን የሚክድ ገጠር አላየም። መርዝ ግን በዳዩን መርጦ አይገድልም። ጣሪያ ላይ የተቀመጠውን ሥጋ ጭልፊት ይወስደዋል፣ ቁራ ይወስደዋል፣ የጎረቤት ድመት ትበላዋለች፤ የሞተውን ጭልፊት ደግሞ ውሻና ጥንብ አንሣ ይበሉታል። ራሱና ፊቱ ላባ የሌለው፣ መንቁሩ ቀጭን የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሣ በከተሞቻችን ከጭልፊት ጋር የሚዞር ወፍ ነው። ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል፤ በአፍሪካ ለዚህ ካደረሱት ምክንያቶች ዋነኛው መርዝ ነው። ጫጩት ለማዳን ይህን ወፍ መክፈል አይገባም።

ነገሩን ያበረዱት በምላሽ 19 የመጡት የደብረ ብርሃኗ እናት ናቸው። ማንንም ሳይወቅሱ ቤታቸው የሚሠሩትን ጻፉ። ጫጩት ሲፈለፈል የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከእናቱ ጋር በሰፌድ መሰል ትልቅ ቅርጫት ሥር ያቆዩታል፤ ቅርጫቱ ላይ ድንጋይ ይጭናሉ። ሲያድግም የሚለቁት ቁጥቋጦ ባለበት ጓሮ እንጂ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም፤ እናት ዶሮዋ ድምፅ ስታሰማ ጫጩቶቹ የሚሸሸጉበት ይኖራቸዋል። አቅም ያለው ደግሞ ከላይ አሮጌ የዓሣ መረብ ይዘርጋ አሉ። ከጭልፊት የሚያስጥል ዶሮ ነጭ አይሁን፣ ነጭ ከሩቅ ይታያል የሚል ምክርም ሰጥተዋል። የሰበታው ሰው በምላሽ 20 መረቡን ከየት እንደሚገዛ ጠየቃቸው፤ ከእልሁም ወረደ። በእኔ ዓይን የክሩ ምርጥ ጊዜ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተበተነ። ምላሽ 21 ሐዋሳ ሄደ፤ በአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎቹ የዓሣ አንጀት ሲጥሉ አባ ኮዳዎች መሬት ላይ ሲጋፉ፣ ጭልፊቶች ከላይ እየወረዱ ከመንቁራቸው ሥር እንደሚነጥቁ ተረከ። ምላሽ 22 ስለ ጎጆ ነበር፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለ ባሕር ዛፍ ላይ የተሠራው የጭልፊት ጎጆ በጭራሮ መካከል የፌስታል ቁራጭና የጨርቅ ክር እንደሞላበት አይቶ ቆሻሻ ነው ብሎ አዘነ። ምላሽ 23 በስፔን በዶንያና ስለ ተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ታተመ ጥናት አነሳ። እዚያ ጥቁር ጭልፊቶች ጎጇቸውን በነጭ ፕላስቲክ ያስጌጣሉ፤ አብዝተው የሚያስጌጡትም ጉልበታቸው የበረታው፣ ቦታቸውን ከሌላ ጭልፊት መከላከል የሚችሉት ናቸው። ያረጁና የደከሙ ብዙም አያስጌጡም። የእኛዎቹ ለዚሁ ዓላማ ያድርጉት አያድርጉት ለመናገር ግን ጎጆውን መከታተል ያስፈልጋል፤ ምላሽ 22 ይህን ቢጀምርልን እንዴት ጥሩ ነበር። እንቁላሉ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ አንድ ወር ያህል ይታቀፋል፤ ጫጩቶቹም ከስድስት ሳምንት በላይ ጎጆ ውስጥ ይቆያሉ። ከመስኮቱ ሳይወጣ ሁሉንም ሊያይ ይችላል።

ምላሽ 24 ወደ አውስትራሊያ ነጎደ፤ በሰሜኑ ክፍል ጥቁር ጭልፊቶች የሚነድ እንጨት ይዘው ሣር ያቃጥላሉ የሚባለውን አመጣ። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ይህን ሲናገሩ ኖረዋል፤ ተመራማሪዎችም ምስክርነታቸውን ሰብስበው አሳትመዋል። ጭልፊት በሰደድ እሳት ዙሪያ ተሰብስቦ የሚሸሹ አንበጣዎችንና አይጦችን እንደሚለቅም ግን በእኛም ቆላ ማንም እረኛ ያውቃል። ምላሽ 25 ይህን ተረት ነው ብሎ ሊነታረክ ሞከረ፤ አልተሳካለትም።

በምላሽ 26 የኮልፌው ወጣት ሁሉንም አመስግኖ፣ ከሌሎች ጋር ወፍ ማየት የሚችልበት ቦታ እንዳለ ጠየቀ። ምላሽ 27 እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጠቆመው፤ ያየውንም ከነቀኑ ኢበርድ በተባለው የመረጃ ቋት እንዲመዘግብ መከረው። ከምክሩ ጋር እስማማለሁ፤ በተለይ በሁለቱ ጭልፊቶች ጉዳይ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከአንድ ቦታ በየሳምንቱ የመንቁር ቀለምና የደረት መስመር የሚመዘግብ ሰው ቢኖር እንግዶቹ መቼ እንደሚበዙና መቼ እንደሚሳሱ በከተማችን ደረጃ እናውቅ ነበር። መሣሪያው መነጽርና ደብተር ብቻ ነው።

የመጨረሻው ምላሽ 28 ነው። ከመቂ መንገድ ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ አለበት፤ ጸሐፊው ትልቅ ጭልፊት አገኘሁ ይላል። ወፉ ግንድ ላይ አርፏል፤ እግሩ እስከ ጣቱ ድረስ በላባ ተሸፍኗል፣ ጭራው አጭርና ክብ ነው፣ መንቁሩም ከጭልፊት በእጅጉ ይወፍራል። ጭልፊት አይደለም፤ ቡናማ ንስር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲበርም ያንሳልን፤ የጭራውንና የክንፉን ቅርጽ አብረን እንይ።